ስምንት የባትሪ ድንጋይ ገቢ፣ አንድ ሞዴል ጉድለት

ነሐሴ 28 ቀን 1982 ዓ.ም.
ናዝሬት

ለተከበሩ ጓድ ዘገዬ
የስምጥ ሸለቆ ጭነት ማመላለሻ ድርጅት የንብረት ቁጥጥር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

የተከበሩ ጓድ ዘገዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። በተለይ ቀኝ እጅዎ እንደምን እንዳለ ብጠይቅ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ያ እጅ ከመጋቢት ወዲህ ስለ አንድ ልጅ ብቻ ዐሥራ አራት ደብዳቤ መፈረሙን፣ ከእነዚያም ውስጥ ሁለቱን በቀይ ቀለም መምራቱን ስለ ሰማሁ፣ የዘንድሮው የክረምት ብርድ አንጓው ውስጥ እንዳይገባበት ከልብ እሰጋለሁ። እባክዎ ሹራብ ይደርቡ። እጅዎ ቢታመም የሚፈርም ይጠፋል፤ የሚፈርም ከጠፋ ደግሞ የናዝሬት ሰው በሰላም ወጥቶ በሰላም ሊገባ ነው፣ ይህ ደግሞ ለቢሮ ሥራ አይመችም።

እኔን በመልክ አያውቁኝም። በዚህ መጽሔት የኋላ ገጾች ላይ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ፈታ፣ ሶደሬ ላይ የማንን ዊግ አዋሽ እንደ ወሰደው የምጽፈው ሴትዮ ነኝ። ባለቤትዎ ዓምዴን ሳያነቡ እንደማያልፉ በፀጉር ቤት ሰምቻለሁና፣ ይህን ደብዳቤ እርስዎ ባይደርሱበት እንኳ እሳቸው ምሳ ላይ ጮክ ብለው እንደሚያነቡልዎ ተስፋ አለኝ። የዊጉን ባለቤት ዛሬም አልናገርም። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግንዎ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ሹማምንትን በአደባባይ ማነጋገር ጥቂት ተፈቅዷል ስለ ተባለ፣ ፈቃዱ ሳይነሣ በፊት ልጠቀምበት ብዬ ተጣድፌያለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ግን፣ ምስጋናዬ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስለው፣ ከመነሻው ባጫውተው ቅር አይበልዎ።

ጆቴ የሰፈራችን ልጅ ነው። አባቱ ከወለጋ መጥተው እዚሁ የቀሩ አስተማሪ ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ ወርቅውሃ የወንጂ ልጅ ናቸው። የሚጸልዩበት ቤት ከታሸገ ወዲህ ሳሎናቸው ውስጥ በዝግታ የሚዘምሩ፣ ሲዘምሩም ሬዲዮ ከፍ የሚያደርጉ ሴት ናቸው፤ ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፣ በልጃቸው ፋይል ውስጥ አለ። በሰፈራችን የእጅ ባትሪው ድንጋይ የደከመበት ሰው ሁሉ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ ድንጋዩ ጥቂት ነፍስ ይዘራና ከዚያ ጨርሶ ይሞታል። ሌላው ሰው አዲስ ገዝቶ ይረሳዋል። ጆቴ ግን ይህ ለምን እንደሚሆን እየጠየቀ አደገ፣ እየጠየቀ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እየጠየቀም ምሥራቅ ጀርመን ድረስ ሄደ። እዚያ ሊቲየም በሚባል እጅግ ቀላል ብረት የሚሠራ፣ ሲያልቅ እንደገና የሚሞላ፣ አንድ ቀን መኪና ያለ ነዳጅ ሊነዳ ይችላል የሚባል ባትሪ አለ አሉት። በቤንዚን ኩፖን ተሰልፎ ፀሐይ የመታው ያገራችን ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ እልል ሊል ይገባው ነበር፤ የእርስዎ መኪና ግን ተሰልፎ ስለማያውቅ ዜናው ብዙም አላስደነቀዎትም፣ አልፈርድብዎትም።

የጆቴ የዶክትሬት ጥናት የዚህን ባትሪ ሞዴል መሥራት ነው። ሞዴል ምን እንደ ሆነ እኔ በገባኝ ልክ ላስረዳ፤ ለእኔ የገባ ነገር ለማንም ይገባል። ባትሪው የታሸገ ነው፣ እየሠራ ሳለ ከፍቶ ውስጡን ማየት አይቻልም። ስለዚህ አጥኚው ከውጭ የሚለካውን ይለካል፤ ሙቀቱን፣ ጉልበቱን፣ ሞልቶ ለመጉደል የሚፈጅበትን ጊዜ። ከዚያ ውስጡ የሚሆነውን በሒሳብ ቀመር ይጽፋል። ቀመሩ ትክክል ከሆነ መኪናው ገና ከናዝሬት ሳይነሣ፣ ባትሪው ዝዋይ ሲደርስ ስንት ጉልበት እንደሚቀረው፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚታመም፣ በምን አኳኋን እንደሚሞት ደብተሩ አስቀድሞ ይናገራል። እንግዲህ ሞዴሉ ያ በደብተር የተጻፈ ቀመር ነው። በካርቶን አይታሸግም፣ በጋሪ አይጫንም።

በጀርመን ብርድ እንጂ የእኛን ሙቀት ከየት ያመጣሉ? ስለዚህ ጆቴ ባለፈው ታኅሣሥ ስምንት ትንንሽ የሙከራ ባትሪዎች ይዞ መጣ። ድርጅትዎም ፈቅዶለት በሾፌሩ በአቶ ገመዳ ፊያት ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው በስተኋላ በሣጥን አስቀመጣቸው። ገመዳ ሣጥኑን "ሙሽሪት" ብሎ ሰየማት። መቂ ላይ ሽንኩርት ሊጭን በቆመ ቁጥር ጫኞቹን "ሙሽሪት ላይ ማንም እንዳይቀመጥ፣ ባሏ ጀርመን ነው፣ ቀናተኛ ነው" ይላቸው ነበር አሉ። ቆቃ ድልድይ ላይ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሻሸመኔ ዳገት ላይ ጆቴ ከጎኑ ተቀምጦ በየግማሽ ሰዓቱ እየለካ በባለ ካሬ ደብተሩ ይጽፋል። ሠላሳ አንድ ጊዜ ተመላለሱ። በየካቲት መጨረሻ ደብተሩ ሞላ፣ ልጁም ሊመለስና ጥናቱን ሊያቀርብ ሆነ። የእርስዎ ውለታ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ ቋንቋችንን ስላሰፉልን አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ወርቅውሃ ሳያመሰግኑ መሄድ ነውር ነው ብለውት፣ ጆቴ ለድርጅትዎ አንድ ገጽ ጻፈ። "በድርጅቱ ተሽከርካሪ በተደረገልኝ ትብብር የባትሪውን ሞዴል ሠርቼ ስለ ጨረስኩ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው" ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን "እንኳን ደስ ያለህ" ይል ነበር። እርስዎ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለውን ደረሰኝ ሲያስቆርጡ፣ ዕቃ ሲወጣ ሞዴል 22 ሲያስፈርሙ የኖሩ የንብረት ሰው ነዎትና፣ በዓለም ላይ ሞዴል የሚባል ነገር ሁሉ ከግምጃ ቤት ጋር የተያያዘ መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ በደብዳቤው ኅዳግ ላይ "ሞዴሉ በመንግሥት መኪና የተሠራ ስለ ሆነ ለንብረት ክፍል ገቢ ይሁን" ብለው በቀይ መሩበት።

ጆቴ የቢሮ ወግ ነው፣ በሁለት ቀን ያልቃል ብሎ ስምንቱን ባትሪዎች ይዞ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄደ። ግምጃ ቤት ኃላፊው አቶ ኑሬ፣ በእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን ነገር አገሩ ሁሉ ድንጋይ ስለሚለው እሳቸውም "የባትሪ ድንጋይ፣ ብዛት 8" ብለው ተረከቡት። ሞዴሉ የታለ ሲሉት ደብተሩን ሰጣቸው። አቶ ኑሬ ደብተሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ "ልጄ፣ እኔ ይህን ምን ብዬ ልመዝግበው? ሞዴል ብዬ ብመዘግበው ደብተር ነው ይሉኛል፤ ደብተር ብዬ ብመዘግበው ሞዴሉን የት አደረስከው ይሉሃል፤ ውሰደው፣ ለአንተም ለእኔም ይሻለናል" አሉት። ለልጁ አዝነው ነው። በማግሥቱ ግን ከቢሮዎ የወጣው ማስታወሻ "ስምንት የባትሪ ድንጋይ ገቢ ሆኗል፤ አንድ ሞዴል ጎድሏል" ይል ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ አጣሪ ኮሚቴው አመሰግናለሁ። አምስት የሥራ ኃላፊዎች ሥራቸውን ትተው ለአንድ የሰፈር ልጅ ዘጠኝ ጊዜ መሰብሰባቸው ለወጣቱ ያለዎትን ክብር ያሳያል። ጆቴ ቀርቦ "ሞዴሉ የሚጨበጥ ነገር አይደለም፣ ሒሳብ ነው" ብሎ አስረዳ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ተጻፈ፦ "ተጠርጣሪው ንብረቱ ሊጨበጥ ከማይችልበት መድረሱን አምኗል።" ሒሳብ ነው ስላለም ደብተሩ ለሒሳብ ሹሙ ተመራ። ሹሙ ስድሳ አንዱን ገጽ በትጋት አገላብጠው፣ "ግራውና ቀኙ እኩል ነው ተብሎ በየመስመሩ ቢጻፍም አንድም ደጋፊ ሰነድ አልተያያዘም፣ ድምርም የለውም" የሚል አስተያየት ሰጡ። እኔ ይህን ስሰማ ስቄአለሁ፣ አልዋሽዎትም። ወይዘሮ ወርቅውሃም ስቀዋል። ጆቴ ራሱ "ፕሮፌሰሬም ድምሩ ይጎድላል ይለኝ ነበር" ብሎ አስቆናል። የሣቅነው ረቡዕ ነው። ሐሙስ ሚያዝያ 11 ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው የመንግሥት ንብረት በመሰወር ብለው ወሰዱት፣ ደብተሩንም በሰም አሽገው የእርስዎ ካዝና ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሬዲዮው ከፍ ብሎ አያውቅም።

ሦስተኛው አጭር ነው። ጆቴ ጥናቱን በሰኔ ማቅረብ ነበረበት፣ አለፈው። ፕሮፌሰሩ ጽፈው እስከ መስከረም አጋማሽ ጊዜ ሰጡት። ከዚያ በላይ ግን መጠበቅ አይችሉም፤ በሬዲዮ እንደ ሰማነው አገራቸው መስከረም 23 ቀን ከምዕራቡ ጋር ተጠቃሎ ስሙ ይጠፋል፣ በዚያ ስም የሚሰጥ ዲግሪም አይኖርም። በአንድ ፊርማ አንድን ልጅ ከትምህርቱ ማስቀረት ብዙ ሹማምንት ይችሉበታል። አገሩ እስኪዘጋ ድረስ ይዞ ማቆየት ግን ልዩ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወላጆችዎ ስም ሲያወጡልዎ አርቀው አይተዋል።

አራተኛ። እዚህ ላይ ጓድ ዘገዬ፣ አጻጻፌ ቢለወጥ ይቅር ይበሉኝ።

ጆቴ ባትሪዎቹን ያስረከበ ዕለት አቶ ኑሬን እንዲህ ብሏቸዋል፤ ገመዳ አጠገባቸው ቆሞ ሰምቷል። "አይመቱ፣ አይወጉ፣ ቆርቆሮው ሥር አያስቀምጧቸው። እሳት ቢነሣም ውሃ እንዳይነካው፣ አሸዋ ነው የሚያጠፋው።" አቶ ኑሬም ከጣሪያው አርቀው መሬቱ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ነፋሻ ቦታ አስቀመጧቸው። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ግን ቢሮዎ ማናቸውም የድርጅቱ ንብረት መለያ ቁጥር እንዲመታበት አዘዘ። ቁጥር የሚመታው ዕቃው ላይ ባለ ቁጥር ብረት አቁመው በመዶሻ በመምታት ነው። ወንበሩ ተመታ፣ ጠረጴዛው ተመታ፣ ክሪኩም ተመታ። አቶ ኑሬ ስምንቱን ዘለሉና "ባለቤቱ አይመታ ስላለ እንዳይመታ እንዲፈቀድልኝ" ብለው ጻፉልዎ። ሁለት ጊዜ ጻፉልዎ።

ጆቴም ይህን ሰምቶ በግንቦት ከማረፊያ ቤት ጻፈልዎ። እናቱ ግልባጩን አሳይተውኛል። "በደብተሬ ገጽ 58 ላይ እንደ ተሰላው፣ የተሞላ ባትሪ ሽፋኑ ቢበሳ በዐሥራ አንድ ሰከንድ ውስጥ ይነድዳል፤ እባክዎ ሰው እንዳይጎዳ" ይላል። ደብተሩ በክፍልዎ ካዝና ውስጥ ነበር፤ ሰሙን ሰብሮ ገጽ 58ን መክፈት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እርስዎ ግን ደብዳቤውን "ተጠርጣሪው በመሥሪያ ቤቱ ላይ የሰነዘረው ዛቻ" በሚል ርእስ ፋይል አስደረጉት፤ ለአቶ ኑሬም መልስ ሰጡ። መልስዎን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "ራስዎ ድንጋይ ብለው ተረክበው ሲያበቁ ድንጋይ በመዶሻ አይመታም ማለትዎ ሥራ ለማጓተት መሆኑ ታውቆ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ካልፈጸሙ ከሥራ እንደሚሰናበቱ እናስታውቃለን።"

አቶ ኑሬ የስድስት ልጆች አባት ነበሩ። ሰኔ 5 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ባትሪዎቹን መምታት ጀመሩ።

ገመዳ ለፊያቱ ሞተር የፋን ቺንጋ ከግምጃ ቤቱ ሊያወጣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አቶ ኑሬ መጀመሪያ "ቢስሚላህ" እንዳሉ፣ ከዚያ አንዴ መትተው ቁጥሩ መግባቱን ሊያዩ ጎንበስ እንዳሉ ይናገራል። "እይ፣ ምንም አልሆነም እኮ" ብለው ፈገግ አሉለት። ገመዳ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ነው እሳቱ ፊታቸው ላይ የወጣው። ሌሎች ሁለት ባትሪዎችም ተያያዙ። ሰዎች ውሃ ይዘው ሲሮጡ ገመዳ በትከሻው ገፍቶ አስቆማቸው፣ በባልዲ አሸዋ እያጋዘ አጠፋው። ግምጃ ቤቱ ተረፈ። አምስት ባትሪዎችም ተረፉ። አቶ ኑሬ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ሰነበቱና ዐረፉ።

ጆቴ አንድ ሞዴል ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከእውነቱ ጋር ሲገጥም ነው ብሎኝ ነበር። ይኸው ገጠመ። ዜናውን እናቱ ሲነግሩት ስንት ሰከንድ ፈጀ ብሎ አልጠየቀም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ፣ ይዘውለት የሄዱትንም ምሳ ሳይነካ መለሰው። "እማዬ፣ ቀለል አድርጌ አልጻፍኩት ይሆን? ቀመሩን ትቼ 'ሰው ይሞታል' ብዬ መጻፍ ነበረብኝ" ብቻ አላቸው።

ለሚቀጥለው ምስጋናዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። አጣሪ ኮሚቴዎ ዐሥረኛ ስብሰባውን አድርጎ፣ ሞዴል የመሰወሩ ክስ ተነሥቶ በኢኮኖሚ አሻጥርና ሰው በመግደል እንዲተካ፣ ለዚህም ሕጉ የሚፈቅደው የመጨረሻው ቅጣት እንዲጠየቅ ወሰነ። ማስረጃው በሁለት አንቀጽ ተቀምጧል። "ሀ) ተጠርጣሪው እሳቱ በስንት ሰከንድ እንደሚነሣ አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጡ፤ ለ) በምን እንደሚጠፋም አስቀድሞ ማወቁ።" እንግዲህ ጓድ ዘገዬ፣ በእርስዎ ሕግ ጉድጓድ አለ ብሎ የጮኸ ሰው ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው፤ ሐኪምም ታማሚው ይሞታል ካለ ገዳይ እሱ ነው። ችሎቱ መስከረም 8 ቀን ነው። በዚያ ቀን አንድ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሰው እንዳይሞት ብሎ በጻፈው ደብዳቤ ሞት ሊፈረድበት ይችላል፤ የፊርማው ቀለም ደግሞ የእርስዎ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሎዎት እንደ ነበር ሰማሁ፤ የሟች ቤተሰብ ቃል። ሰዎችዎ በሐምሌ ወደ አቶ ኑሬ ባለቤት ወደ ወይዘሮ ቀመሪያ ዘንድ ተጽፎ ያለቀ ወረቀትና የጣት አሻራ ማስነኪያ የቀለም ንጣፍ ይዘው መሄዳቸውን ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ወይዘሮ ቀመሪያ ማንበብ አይችሉም፤ በአማርኛም ሲናገሩ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። ወረቀቱን ልጃቸውን ደራርቱን ሦስት ጊዜ አስነበቧት። "ባለቤቴ በጆቴ አሻጥር ሕይወቱ ያለፈ መሆኑን አረጋግጣለሁ" የሚለው ላይ ስትደርስ በሦስተኛው ጊዜ አስቆሟት። ከዚያም ለሰዎችዎ፣ "ኑሬ ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር። ልጁ አትምታ አለው። ምታ ያለው ሌላ ነው" አሏቸው፤ አውራ ጣታቸውንም ሻሻቸው ሥር ሸሸጉት። የቀለሙ ንጣፍ ክፍት እንደ ሆነ ተመለሰልዎ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች፣ ሙስሊሟና ጴንጤዋ፣ በአንድ ጋሪ ወደ ማረፊያ ቤቱ ምሳ ይዘው ይሄዳሉ። የጋሪው ባለቤት ሁለቱንም እናቶቼ ይላቸዋል። ይህንንም ወዳጅነት ያመጣው ቢሮዎ ነውና ምስጋናው ይድረስዎ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። አቶ ኑሬን ይመልሱልን አልልም፣ እሱ ከፊርማዎ በላይ ነው። የሰሙን ማሸጊያ ሰብረው ገጽ 58ን ይክፈቱና ለራስዎ ያንብቡት፤ ካነበቡ በኋላ ደብተሩንና አቶ ኑሬ የጻፉልዎን ሁለት ማመልከቻዎች፣ መልስዎንም ጭምር፣ ከመስከረም 8 በፊት ለዳኛው ይላኩ። ዳኛው ሦስቱን ጎን ለጎን ካዩ እኔ አንድ ቃል መጨመር አያስፈልገኝም። ካልላኩም የመልስዎ ቅጂ በወይዘሮ ቀመሪያ ሣጥን ውስጥ አለ፤ አቶ ኑሬ ሥራ ሲያጓትቱ አይታሙም፣ ወረቀት በማስቀመጥ ግን ጎበዝ ነበሩ።

እንግዲህ እድሜዎን እንደ ስብሰባዎችዎ ያርዝምልን፣ ማኅተምዎ ቀለሙ አይድረቅብዎ፣ ቀይ እስክርቢቶዎም ወደ ልጆችዎ ስም አይዙርብዎ እያልኩ፣ ለሠሩልን ሁሉ ከነጎረቤቶቼ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ
ሸዋወርቅ ገመቹ

ግልባጭ፦
– ለወይዘሮ ወርቅውሃ (ለልጃቸው በቃል እንዲነግሩት፣ ወረቀት አያስገቡለትምና)
– ለወይዘሮ ቀመሪያ (ደራርቱ ቀስ ብላ ታንብብላቸው)
– ለባለቤትዎ (ከምሳ በኋላ)

ከፊርማዬ በኋላ የደረሰኝ ወሬ፦

ይህን ደብዳቤ ለአዘጋጁ ልሰጥ ስል ዘርፉ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እያለቀሰች ቤቴ መጣች። በአቶ ኑሬ ቦታ የተመደበችው እሷ ናት አሉ። ለቀሩት አምስት ባትሪዎችም ቁጥር እንድትመታ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት ሪፖርት እንድታደርግ እርስዎ በጽሑፍ አዝዘዋታል። ልጅቷ ታዛዥ ናት፣ መዶሻውንም ፈርማ ተቀብላለች። የቸገራት እሷ ስትመታ ባትሪውን ደግፎ የሚይዝላት ሰው ነው። እኔም ባትሪው ድንጋይ መሆኑን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ ጓድ ዘገዬ ይያዙልሽ ብያታለሁ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ትጠብቅዎታለች። መጥተው በባዶ እጅዎ ከያዙላት፣ ጆቴ ሐሰተኛ ነው፣ እኔም ስምዎን በማጥፋት ልከሰስ። ካልመጡ ግን የልጁን ሒሳብ ከማንም በፊት እርስዎ አምነዋል ማለት ነውና፣ በዚያችው ሰኞ የማረፊያ ቤቱን በር ያስከፍቱልን።